ስንት በመቶ ጨመረ? የጭማሪ መቶኛን ሳይሳሳቱ የማስላት ዝርዝር መመሪያ

የቤት ኪራይ ከ12,000 ብር ወደ 15,000 ብር ወጣ እንበል። አከራዩ «የጨመርኩት 20 በመቶ ብቻ ነው» ይላል። ተከራዩ «ኧረ 25 በመቶ ነው» ይላል። ሁለቱም ካልኩሌተር ይዘዋል፤ ሁለቱም ቁልፉን በትክክል ተጭነዋል። ጭማሪው 3,000 ብር መሆኑ ላይም ይስማማሉ። አከራዩ 3,000ውን ለ15,000 አካፈለው። ተከራዩ ለ12,000 አካፈለው። ልክ የሆነው ተከራዩ ነው።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚችው ላይ ነው። መቀነስና ማካፈል የሚያቅተው ሰው እምብዛም የለም፤ ለየትኛው ቁጥር እንደሚካፈል ግን ይምታታል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጁ (ቁጥር 1320/2016) የኪራይ ጭማሪ ተቆጣጣሪው አካል ከሚያሳውቀው መጠን እንዳያልፍ ስለሚል፣ በ20 እና በ25 መካከል ያለው ልዩነት እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም።

ከታች ያለውን በቅደም ተከተል ተከተሉ። እርምጃ አትዝለሉ።

ከማስላታችሁ በፊት

ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ካልኩሌተር የስልካችሁ ይበቃል። ለምሳሌ የምንጠቀመው እውነተኛ ቁጥር ነው፦ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ማሻሻያ ዝቅተኛው የወር ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። እንዲህ ብላችሁ ጻፉት፦

ድሮ፦ 4,760 ብር (እስከ ነሐሴ 2017)
አሁን፦ 6,000 ብር (ከመስከረም 2018)

ቀኑን መጻፍ ትርፍ ሥራ እንዳይመስላችሁ። የትኛው ቁጥር መነሻ እንደሆነ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ቀጥሎ ሁለቱ ቁጥሮች የሚወዳደሩ መሆናቸውን አረጋግጡ። እዚህ ላይ የተሳሳተ ሰው ከዚያ በኋላ ሂሳቡን በትክክል ቢሠራም አይጠቅመውም።

*መለኪያው አንድ ይሁን።* አንዱ የኪሎ ዋጋ፣ ሌላው የኩንታል ዋጋ ከሆነ የኩንታሉን ለ100 አካፍሉና ወደ ኪሎ መልሱት። አንዱ የወር፣ ሌላው የዓመት ገቢ ከሆነ የዓመቱን ለ12 አካፍሉ።

*ወቅቱ ይመሳሰል።* የፋሲካ ዋዜማ የዶሮ ዋጋን ከዐቢይ ጾም አጋማሽ ዋጋ ጋር አወዳድራችሁ «ዶሮ በዓመት ይህን ያህል ተወደደ» አትበሉ። ዋዜማን ከአምናው ዋዜማ ጋር አወዳድሩ።

*ደመወዙ ወይ ሁለቱም የተጣራ፣ ወይ ሁለቱም ያልተጣራ ይሁን።* ድሮ እጅ ላይ ይደርስ የነበረውን ከአሁኑ የወረቀት ደመወዝ ጋር ካወዳደራችሁ ጭማሪው ያለ አግባብ ይነፋል። ቫትም እንዲሁ ነው፤ ወይ ሁለቱም ቫትን ጨምረው ወይ ሁለቱም ሳይጨምሩ ይቀመጡ።

*መጠኑ አልቀነሰም ወይ?* ይህን ብዙ ሰው አያየውም። የዳቦ ዋጋ 10 ብር ሆኖ ሳይለወጥ፣ ክብደቱ ግን ከ100 ግራም ወደ 80 ግራም ወረደ እንበል። ዋጋው «ባለበት ነው» ይባላል። የግራሙን ዋጋ ስናወጣ ድሮ 10 ሳንቲም ነበር፤ አሁን 12 ከግማሽ ሳንቲም ነው። ዳቦው በ25 በመቶ ተወዷል። ዳቦው የቀነሰው በ20 በመቶ ሆኖ ዋጋው የጨመረው በ25 በመቶ መሆኑ ግር ካላችሁ ጥሩ ነው። ወደዚያ እንመጣለን።

ደረጃ 1፦ መነሻውን ክበቡት

ከሁለቱ ቁጥሮች በጊዜ የቀደመውን በእስክሪብቶ ክበቡት። በእኛ ምሳሌ 4,760 ነው። የምናካፍለው ለዚህ ቁጥር ነው። ሁልጊዜ።

ማስጠንቀቂያ፦ «ትንሹን ቁጥር ክበቡ» የሚል ምክር ከሰማችሁ አትቀበሉት። ዋጋ ሲጨምር ትንሹ ቁጥር ድሮ ስለሆነ ይሠራል፤ ዋጋ ሲቀንስ ግን ያሳስታችኋል። የሚወስነው ጊዜ እንጂ ትልቅነት አይደለም።

ጊዜ የሌለውስ? ለምሳሌ «የመርካቶ ዋጋ ከሰፈር ሱቅ ዋጋ በስንት በመቶ ይለያል?» የሚል ጥያቄ ድሮና አሁን የለውም። ያኔ ዓረፍተ ነገሩን አስተካክላችሁ ጻፉት፦ «የሰፈር ሱቅ ዋጋ *ከመርካቶ ዋጋ* በስንት በመቶ ይበልጣል?» «ከ» የተቀጠለበት ነገር መነሻው ነው። እሱን ክበቡ።

ደረጃ 2፦ ከአዲሱ ላይ አሮጌውን ቀንሱ

6,000 − 4,760 = 1,240

ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። አዲሱ ይቀድማል። ውጤቱ ከዜሮ በታች ከወጣ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ወይ ገልብጣችሁ ቀንሳችኋል፣ ወይ ደግሞ ነገሩ እውነትም ቀንሷል። የጻፋችሁትን ቀን ተመልከቱ። ቀንሶ ከሆነ በዚያው ቀጥሉ፤ መጨረሻ ላይ የሚወጣው የቅናሹ መቶኛ ነው።

ደረጃ 3፦ ልዩነቱን ለመነሻው አካፍሉ

1,240 ÷ 4,760 = 0.2605...

ካልኩሌተሩ ረጅም ቁጥር ያሳያችኋል። እዚህ ላይ አታጠጋጉት። 0.2605ን «0.3 ነው በቃ» ብትሉት መልሳችሁ ከ26 ወደ 30 በመቶ ይዘላል። ማጠጋጋት መጨረሻ ላይ፣ አንዴ ብቻ ነው። ቢያንስ ከነጥብ በኋላ አራት አኃዝ ይዛችሁ ተሻገሩ።

ደረጃ 4፦ በ100 አባዙ

0.2605 × 100 = 26.05

ዝቅተኛው ደመወዝ የጨመረው በ26 በመቶ ገደማ ነው። ለዕለት ወሬ «26 በመቶ» በቂ ነው። ለሪፖርት ወይም ለውል ከሆነ 26.05 ብላችሁ ጻፉ።

ደረጃ 5፦ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ አረጋግጡ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ የሚያድነው ግን ይሄ ነው። መነሻውን ውሰዱና ያገኛችሁትን መቶኛ ጨምሩበት። አዲሱ ቁጥር መምጣት አለበት።

4,760 × 0.2605 = 1,239.98
4,760 + 1,239.98 = 5,999.98

የሁለት ሳንቲም ልዩነት ከማጠጋጋት የመጣ ነው፤ ችግር የለውም። ለ6,000 አካፍላችሁ ቢሆን ኖሮ 20.67 በመቶ ይወጣላችሁ ነበር። የ4,760 ብር 20.67 በመቶ 984 ብር አካባቢ ነው። ሲደመር 5,744 ይሆናል። 6,000 አልደረሰም። ስህተቱ ራሱን አጋለጠ ማለት ነው። ከአከራያችሁ ጋር ስትነጋገሩም ይህን አሳዩት፦ «የ12,000 ብር 20 በመቶ 2,400 ነው፤ አንተ የጨመርከው 3,000 ነው።» ከዚህ በላይ ክርክር አያስፈልግም።

ስልኩ የተሳሳተ መልስ ሲሰጥ

ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ስልክ ላይ ስትጽፉት እንዲህ ይሆናል፦

6000 − 4760 ÷ 4760 × 100

የሱቅ ነጋዴዎች የሚጠቀሙበት ቀላሉ ካልኩሌተር ከግራ ወደ ቀኝ እየሠራ ስለሚሄድ 26.05 ይላችኋል። የስልክ ካልኩሌተር ግን በአብዛኛው ማካፈልና ማባዛትን ያስቀድማል። 4760ን ለ4760 ያካፍላል፣ 1 ይሆናል። በ100 ያባዛል፣ 100 ይሆናል። ከ6000 ላይ 100 ይቀንስና 5,900 ያወጣላችኋል። ስልኩ አልተበላሸም፤ የሂሳብ ሕጉን ነው የተከተለው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ወይ መቀነሱን ለብቻው ሠርታችሁ እኩል ይሆናል የሚለውን ተጫኑና ከዚያ ቀጥሉ፣ ወይ መቀነሱን በቅንፍ አስገቡት። እኔ የምመርጠው ግን ቅንፍም የማይፈልገውን አቋራጭ ነው፦

6000 ÷ 4760 − 1

በሁለቱም ዓይነት ካልኩሌተር 0.2605 ይወጣል። ነጥቡን ሁለት ቦታ ወደ ቀኝ ስትገፉት 26.05 በመቶ ነው። አንዷን መቀነስ ከረሳችሁ 126 በመቶ ይላችኋል። ያ ጭማሪው አይደለም፤ አዲሱ ደመወዝ የድሮው 126 በመቶ ነው ማለት ነው።

የ % ቁልፍን ለዚህ ሥራ አትንኩት። ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው ጠባዩ ይለያያል።

ኤክሴል ላይ ለምትሠሩ

የደመወዝ ወይም የዕቃ ዝርዝር ካላችሁ ድሮውን በአንድ አምድ፣ አሁኑን በቀጣዩ አምድ አስገቡ። ሦስተኛው አምድ ላይ የእኩል ምልክት ጻፉ፤ አዲሱ ያለበትን ሴል ንኩ፤ የማካፈያ ምልክት፤ አሮጌው ያለበትን ሴል ንኩ፤ ከዚያ −1። ኢንተር ተጫኑ። ከዚያ ሴሉን በመቶኛ እንዲታይ አድርጉና ወደ ታች ሳቡት።

ሦስት ነገር ያጋጥማችኋል። 2605 በመቶ የሚል ከመጣ፣ ራሳችሁ በ100 አባዝታችሁ ሴሉንም በመቶኛ አድርጋችኋል ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ተባዛ፤ አንዱን ተዉት። የስህተት ምልክት ካወጣ ከቁጥሩ ጋር «ብር» የሚል ቃል ሴሉ ውስጥ ጽፋችሁ ይሆናል። ቃሉን አጥፉና ቁጥሩን ብቻ አስቀሩ። አንዳንዱ ረድፍ ብቻ ስህተት ካለ ደግሞ መነሻው ዜሮ ወይም ባዶ ነው።

ካልኩሌተር በሌለበት

ታክሲ ውስጥ ወይም ገበያ መሃል በአእምሮ ለመገመት ከመነሻው አሥር በመቶ ጀምሩ። የ4,760 አሥር በመቶ 476 ነው፤ የመጨረሻውን አኃዝ ማንሳት ብቻ ነው። ሃያ በመቶ የዚያ እጥፍ፣ 952። አምስት በመቶ የአሥሩ ግማሽ፣ 238። ሃያ አምስት በመቶ 1,190 ሆነ። ጭማሪው 1,240 ስለሆነ 50 ብር ቀርቶናል። አንድ በመቶው 47 ከ60 ነው። ስለዚህ 26 በመቶ ከትንሽ። አንድ ሳምንት ብትለማመዱት ካልኩሌተር ማውጣት ይሰለቻችኋል።

እየጨመረ ሄዶ ሲመለስ፦ ትልቁ ወጥመድ

አንድ ዕቃ 100 ብር ነበር። 25 በመቶ ጨምሮ 125 ገባ። ከዚያ ባለሱቁ «25 በመቶ ቅናሽ» ብሎ ለጠፈ። ስንት ይሆናል? 100 ያለ ሰው ተሸወደ። የ125 ሩብ 31 ብር ከ25 ነው፤ ዋጋው 93 ብር ከ75 ይሆናል። መነሻው ተለውጧል። ወደ 100 ለመመለስ የሚያስፈልገው ቅናሽ 20 በመቶ ነው። ከላይ የዳቦው ነገር ግር ያላችሁም በዚህ ምክንያት ነው፤ ወደ ታች 20፣ ወደ ላይ 25።

ይህ ጉዳይ በአገር ደረጃም ታይቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የአንድ ዶላር ዋጋ ከ57.48 ብር ወደ 74.73 ብር ወጣ። በዚያ ሰሞን «ብር በ30 በመቶ ወደቀ» የሚሉ ዜናዎች ወጡ። እንፈትሸው።

ዶላሩን መነሻ እናድርግ፦ 74.73 − 57.48 = 17.25። ለ57.48 ሲካፈል 0.3001። ዶላር በ30 በመቶ ተወደደ። ይህ ትክክል ነው።

አሁን ብሩን መነሻ እናድርግ። ድሮ 100 ብር የያዘ ሰው 1 ዶላር ከ74 ሳንቲም ይገዛ ነበር። በማግስቱ 1 ዶላር ከ34 ሳንቲም ብቻ። ልዩነቱ 40 ሳንቲም ነው። ለ1.74 ሲካፈል 23 በመቶ ገደማ ይሆናል። ብር የወደቀው በ23 በመቶ ነው እንጂ በ30 አይደለም።

ሁለቱም ቁጥር ከአንድ ክስተት የወጣ ነው፤ ጥፋቱ የዶላሩን መቶኛ ለብሩ ማልበስ ነው። መለያው ይኸው፦ አንድ ነገር ከ100 በመቶ በላይ ሊረክስ አይችልም፤ ከዜሮ በታች የለምና። ሊወደድ ግን ያለ ገደብ ይችላል። ዶላሩ እጥፍ ቢሆን በ100 በመቶ ጨመረ እንላለን፤ ብሩ ያጣው ግን 50 በመቶውን ነው። ውጭ አገር ሆናችሁ ለቤተሰብ ብር የምትልኩ ከሆነ የሚመለከታችሁ የመጀመሪያው ቁጥር ነው፤ የላካችሁት ዶላር የሚያመጣው ብር 30 በመቶ ጨመረ። አዲስ አበባ ተቀምጦ በብር ቆጥቦ ዶላር ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ሁለተኛው።

መቶኛው ራሱ ሲጨምር

በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 በመቶ ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገ። በስንት ጨመረ? «በ2 በመቶ» የሚል መልስ ስህተት ነው። ደረጃዎቹን ተከተሉ፦ 7 − 5 = 2፣ 2 ÷ 5 = 0.4፣ 40 በመቶ። 2 የሚለውን ቁጥር መጠቀም ከፈለጋችሁ «በ2 የመቶኛ ነጥብ» በሉት። ባንክ ቤት ብድር ስትዋዋሉ ወለዱ «በ2 በመቶ ሊጨምር ይችላል» የሚል አንቀጽ ካያችሁ የትኛው እንደሆነ በጽሑፍ አስለዩ። የ15 በመቶ ወለድ በ2 በመቶ ሲጨምር 15.3 ነው፤ በ2 የመቶኛ ነጥብ ሲጨምር 17 ነው።

ከ100 በመቶ ሲያልፍ

በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ በጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። 1,400 ÷ 600 = 2.333፤ ጭማሪው 233 በመቶ ነው። ከ100 ስላለፈ አትደንግጡ፤ ስህተት አይደለም። ጭማሪው ከራሱ ከመነሻው በልጧል ማለት ብቻ ነው።

የሚያደናግረው እጥፍ ነው። 2,000 የ600 3.3 እጥፍ ነው፤ የጨመረው ግን 233 በመቶ እንጂ 333 አይደለም። እጥፍን ወደ ጭማሪ ለመቀየር አንድ ቀንሱና በ100 አባዙ። እጥፍ ሆነ ማለት 100 በመቶ ጨመረ፤ ሦስት እጥፍ ሆነ ማለት 200 በመቶ ጨመረ ማለት ነው።

ድሮውን ከአሁኑ ማውጣት (የቫት ጉዳይ)

ደረሰኝ ላይ ቫት ጨምሮ 1,150 ብር ይላል። ቫቱ 15 በመቶ ነው። ከቫት በፊት ዋጋው ስንት ነበር? የብዙ ሰው እጅ ወዲያው የ1,150ን 15 በመቶ ወደ መቀነስ ይሄዳል፤ 977 ብር ከ50 ያገኛል። ስህተት ነው። 15 በመቶው የተሰላው ከቫት በፊት ባለው ዋጋ ላይ ነው። ስለዚህ አካፍሉ፦

1,150 ÷ 1.15 = 1,000

ለማንኛውም ጭማሪ ይህንኑ አድርጉ። 20 በመቶ ከጨመረ ለ1.20፣ 8 በመቶ ከጨመረ ለ1.08። ከ8 ፊት ያለችውን ዜሮ እንዳትረሷት፤ 1.8 ብትጽፉ 80 በመቶ ነው።

ተደጋጋሚ ጭማሪ

ኪራይ አምና 20 በመቶ፣ ዘንድሮ 10 በመቶ ጨመረ። በጠቅላላ 30 በመቶ አይደለም። 10,000 የነበረው 12,000 ሆነ፤ የ12,000 አሥር በመቶ 1,200 ነውና 13,200 ገባ። ጭማሪው 32 በመቶ ነው። መቶኛዎችን አትደምሩ፤ 1.20 × 1.10 = 1.32 እያላችሁ አባዙ።

ተገላቢጦሹም አለ። በአራት ዓመት 46.41 በመቶ የጨመረ ነገር በዓመት በአማካይ ስንት ጨመረ? ለ4 አካፍላችሁ 11.6 ካላችሁ አበዛችሁት። 1.4641ን ካልኩሌተር ላይ አስገቡና የ √ ምልክቱን ሁለት ጊዜ ተጫኑ። 1.1 ይወጣል፤ በዓመት 10 በመቶ ነው። ለሁለት ዓመት አንዴ፣ ለአራት ዓመት ሁለቴ ትጫናላችሁ። ለሦስትና ለአምስት ዓመት ይህ ብልሃት አይሠራም፤ በብዙ ስልኮች ካልኩሌተሩን አግድም ስታዞሩት የሚመጣው ሰፊው ሰሌዳ ያስፈልጋል።

የመቶኛ አማካይ አትውሰዱ

ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው። አንድ ቤት በወር ለጤፍ 5,000 ብር ያወጣ ነበር፤ አሁን 5,500 ሆነ፣ 10 በመቶ ጨመረ። ለጨው 50 ብር ያወጣ ነበር፤ 75 ሆነ፣ 50 በመቶ ጨመረ። «በአማካይ 30 በመቶ ተወደደ» የሚል ሰው ጨውን ከጤፍ እኩል አደረገው። መጀመሪያ ብሩን ደምሩ፦ ድሮ 5,050፣ አሁን 5,575። ጭማሪው 525 ነው፤ ለ5,050 ሲካፈል 10.4 በመቶ። የቤቱ ወጪ በእርግጥ የጨመረው ይህን ያህል ነው።

የደመወዙም ነገር ከዚህ አይርቅም። በመስከረም 2018ቱ የደመወዝ ማሻሻያ ከፍተኛው ደመወዝ ከ21,492 ወደ 39,000 ብር ወጥቷል። አስሉት፤ 81.5 በመቶ ነው። ዝቅተኛው ላይ ያለው 26 አገኘ። የሁለቱ አማካይ 54 ነው ቢባል ያን ያህል የተጨመረለት ሠራተኛ ላይኖር ይችላል።

ደመወዝን ከኑሮ ጋር ስታመዛዝኑም መቀነስ ብቻ አይበቃም። ደመወዝ 26 በመቶ፣ የዕቃ ዋጋ 30 በመቶ ቢጨምር 1.26ን ለ1.30 አካፍሉ። 0.969 ይወጣል። የመግዛት አቅም በ3 በመቶ ገደማ ወርዷል ማለት ነው።

መቶኛ የማይሠራበት ቦታ

መነሻው ዜሮ ከሆነ ተዉት። አምና ምንም ያልሸጠ፣ ዘንድሮ 40 የሸጠ ሰው በስንት በመቶ ጨመረ ተብሎ አይጠየቅም። ለዜሮ ማካፈል የለም። «ከምንም ተነስቶ 40 ሸጠ» ብላችሁ ጻፉ።

አምና 10,000 ብር ከስሮ ዘንድሮ 5,000 ያተረፈ ነጋዴም እንዲሁ ነው። በደረጃዎቹ ብትሠሩት −150 በመቶ ይወጣል። ሰውዬው አትርፎ ሳለ የወረደ ያስመስለዋል። በብር ንገሩት፦ ውጤቱ በ15,000 ብር ተሻሽሏል።

መነሻው በጣም ትንሽ ሲሆን ደግሞ ሂሳቡ ትክክል ቢሆንም ያሳስታል። ከ2 ደንበኛ ወደ 5 የሄደ ሱቅ «150 በመቶ አደገ» ብሎ ቢለጥፍ አልዋሸም። እናንተ ግን ሁልጊዜ «ከስንት ተነስቶ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ስህተታችሁን ከመልሳችሁ እወቁ

ይህን ሳታዩ ሥሩ፦ ዋጋው ከ8,000 ወደ 10,000 ብር ወጣ። በስንት በመቶ ጨመረ?

- 25 ካላችሁ፣ ልክ ነው።
- 20 ካላችሁ፣ ለአዲሱ ቁጥር አካፍላችኋል። ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ፣ መነሻውን ክበቡ።
- 125 ካላችሁ፣ አዲሱን ለአሮጌው አካፍላችሁ አንዷን መቀነስ ረስታችኋል።
- 80 ካላችሁ፣ አሮጌውን ለአዲሱ አካፍላችኋል።
- 0.25 ካላችሁ፣ በ100 አላባዛችሁም። «0.25 በመቶ» ብላችሁ እንዳትጽፉ፤ ያ ከ8,000 ላይ 20 ብር ብቻ ነው።
- −25 ካላችሁ፣ ከአሮጌው ላይ አዲሱን ቀንሳችኋል።
- 9,900 ካላችሁ፣ ስልኩ ላይ ያለ ቅንፍ በአንድ መስመር ጽፋችኋል።
- 2,500 በመቶ ካላችሁ፣ ኤክሴል ላይ ሁለት ጊዜ በ100 ተባዝቷል።
- 2,000 ካላችሁ፣ ደረጃ 2 ላይ ቆማችኋል። ያ ብሩ ነው፤ መቶኛው ገና አልተሠራም።